አመድ የሚሠራውን ሁሉ

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ወይም እናቴ እንደምትለው አሥራ አራት። እኔን በወለደች በሳምንቱ የንብ መንጋ መጥቶ ጓሯችን ካለው ወይራ ላይ ሰፍሮላት ስለነበር ዕድሜዬን የምትቆጥረው በንቦቹ ነው፤ አንድ ዓመት ብትስት ማን ይፈርድባታል። አባቴ የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ትቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ያስገባል። እዚያ እናቴና እኔ የምንኖረው በቁራሽ የገብስ መሬትና ከቤቱ ክፈፍ ሥር በባላ ላይ በተደረደሩት ቀፎዎች ነበር። ገብሱ ያበላናል፣ ማሩ ጨውና ጋዝና ልብስ ይሆናል። በዚያ ዓመት ግን ማሩ ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ እኔን ማስተማር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን ትምህርት ቤት የለውም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእናቴና ከጎረቤት ሴቶች ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ነው። ዘመቻው ሲያልፍ ሌሎቹ ተዉት፤ እኔን ግን ሱስ ሆኖ ያዘኝ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የክብሪት ሣጥን፣ የስኳር ከረጢት፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ይህን ያየው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ «ይቺ ልጅ እዚህ መቅረት የለባትም» አለ። እሱ ደባርቅ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ አግብቷል፣ የራሱ ቤት አለው። በመስከረም እሱ ቤት ገብቼ ትምህርት እንድጀምር፣ እናቴም በኅዳር ከሚቆረጠው ማር ቀለቤን እንድትሰጥ ተስማሙ። ያለ ማሩ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእሱ ደሞዝ ሁለት አፍ እንጂ ሦስት አይችልም።

አጎቴን እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረውን ባወራው ትርጉም አይኖረውም። ሌላ አጎት ከከተማ ሲመጣ ከረሜላ ያመጣል፤ የኔው ቃል ነበር የሚያመጣልኝ። በሩ ላይ ገና በትሩን ሳያስቀምጥ እጠይቀዋለሁ።

«አያ፣ ዛሬ ምን አመጣህልኝ?»

«‹ጉዳዩ እየተጠና ነው› የምትል አንዲት አለች።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንቺ ገምቺ እንጂ።»

ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው እንደ ቆሎ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያጠናሉ ብዬ ገመትኩ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወረቀቱ ከመሳቢያ አልወጣም ማለት ነው» አለኝ።

በሌላ ጊዜ «በመርህ ደረጃ ተቀብለነዋል» የሚል አመጣ። ትርጉሙ «አይሆንም፣ ግን ወንበር ሰጥተውህ፣ ፈገግ ብለውልህ» ነበር። «አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል» ማለት ደግሞ የተቆጣው ሰው ቁጥር ከተፈራው አነሰ ማለት ነው። እናቴ ከምድጃው ወዲያ ሆና «ወንድምዓለም፣ ያንን የቢሮ ትብትብህን ደጅ አራግፈህ ግባ፤ ልጄን ታሳብድብኛለህ» ትለዋለች። እኔ ግን እየለቀምኩ እይዘዋለሁ። ዶሮዎቹ እንቁላል ሲያቆሙና እናቴ «ምን ሆኑ?» ስትለኝ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» እላታለሁ፤ የያዘችውን ማማሰያ ታነሣብኛለች።

ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበረን። ዳባት ገበያ በስተመጨረሻው ጥግ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ሣጥን ላይ ቆመው የሚለፍፉበት ቦታ አለ። አጎቴ ከሰው መሐል ያስገባኝና አጠገቤ ቁጢጥ ይላል። አንዱ የዓይን ቅባት ይዞ «ይህን ገዝቶ፣ አልሠራልኝም ብሎ የተመለሰብኝ ሰው እስካሁን የለም» እያለ ይጮሃል።

«እውነቱን ነው ውሸቱን?» ይለኛል አጎቴ በሹክሹክታ።

«ውሸቱን።»

«እውነቱን ነው። ዳባት መቼ መጣ?»

«ዛሬ።»

«ታዲያ ማን ይመለስበታል?»

ሳሙና ሻጩ «ከሌላው እጥፍ ያጠራል» ሲል ከየትኛው ሌላ እንደሆነ ጠይቂ ይለኛል። ባትሪ ሻጩ «እስከ ስድስት ወር ያበራል» ሲል ደግሞ «እስከ» የምትለዋን ጠብቂያት፤ አንድ ቀንም እስከ ስድስት ወር ውስጥ ነው ይለኛል። «ጎበዝ ነጋዴ አይዋሽም፤ አንድ ነገር ትቶ ነው የሚናገር። አንቺ የተወውን ፈልጊ።» አንድ ቀን ልቤ ሞላና ሳሙና ሻጩን «ከየትኛው ሳሙና ነው የሚበልጥ?» አልኩት። «ከእናትሽ እንዶድ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አጎቴ ወደ ቤት ስንመለስ «መልሱ በልጦሻል፣ ጥያቄሽ ግን የደህና ሰው ነበር» ብሎ አጽናናኝ። ያ አነጋገሩ ለብዙ ጊዜ ሲያሞቀኝ ኖሯል።

በሐምሌ አጎቴ በበቅሎ ከረጢት አስጭኖ ከአለቃው ጋር መጣ። የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሞላ፤ ሴቶቹ በስተኋላ፣ እኔ ከእናቴ ጉልበት ሥር ነበርን። አለቃው ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ተናጋሪው አጎቴ ነው። ከከረጢቱ እፍኝ ዱቄት አውጥቶ አሳየን። ግራጫ ነበር፣ ልዝብ፣ ሽታው አፍንጫ የሚወጋ።

«ይህ የምታዩት ሁለገብ የተባይ መከላከያ ነው። ነቀዝን፣ ጉንዳንን፣ ክሽክሽን፣ ቁንጫን በአስተማማኝ ሁኔታ ይቆጣጠራል። የአምራቹን ገበሬ ተጨባጭ ችግር ከሥሩ ይፈታል።»

አንድ ሽማግሌ አዛጉ። አጎቴ ወደ አለቃው አየት አደረገና የቢሮውን ቋንቋ ጣለው፤ የመንደራችን ልጅ ሆነ።

«እናቶቼ፣ ምን አስረዘመኝ። አመድ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል። በእጥፍ። ዘመናዊ አመድ በሉት።»

ያኔ ለሁሉም ገባው። እኛ ዘንድ አመድ የማይገባበት ጉዳይ የለም። ጎመን ላይ ይነሰነሳል፣ ከባቄላ ዘር ጋር ይቀላቀላል፣ ዶሮ ይንከባለልበታል፣ ድስት ይፈተግበታል። ጉንዳን እንዳይወጣም ቀፎ በተቀመጠበት ባላ ሥር ዙሪያውን ይፈሳል፤ ጉንዳኑ የበረታ እንደሆነ የቀፎው አፍ ላይ ሳይቀር ብን ይደረጋል። አጎቴ ይህን ከእኛ እኩል ያውቃል፤ እኛው ግቢ ነው ያደገው።

የጎረቤታችን ባልቴት «አመድማ ቤቴ ሞልቷል፣ ሌላ አመድ ምን ያደርግልኛል» አሉና አዳራሹ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ፤ ሳቁ ሳይጨርስ ወደ እናቴ ዞረ።

«እታለም፣ አንቺስ?»

እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና ከሁሉ ቀድማ ተቀበለች። «ወንድሜ ያመጣውን እኔ ካልወሰድኩ ማን ይወስድለታል» አለች ለሴቶቹ። ከዚያ ሌሎቹ እየተነሡ ተከተሉ።

በቅሎዋን ሲጭን ሄጄ እንደ ጨዋታችን ጠየቅሁት። «አያ፣ ዛሬ የተውከው የቱን ነው?»

«ይሄ የገበያ አይደለም እኮ፣ የመንግሥት ነው» አለኝ። የጭነቱን ጠፍር ሲያጠብቅ ወደኔ አልዞረም።

ዱቄቱ እንደተባለለት ሠራ፤ ይህን መካድ አይገባም። ጎመናችን ላይ የነበረው ክሽክሽ ረገፈ። ቁንጫው ከመደቡ ጠፋ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እያከክሁ ስተኛ ኖሬ ያን ሰሞን ሳላክ ነጋልኝ። እናቴ ወንድሟን ስትመርቅ ከረመች።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንደ ወትሮው ጉንዳኑን ከጉድጓዱ አስወጣው። እናቴ የአመዱን እንቅብ ብድግ ካደረገች በኋላ ትዝ ሲላት መልሳ አስቀመጠችውና ከረጢቱን አመጣች። በየባላው ሥር አዞረችው። ጉንዳኑ ወደ ላይ መውጣት ጀምሮ ስለነበር በየቀፎው አፍም ብን ብን አደረገችላቸው። «የወንድሜ አመድ ነው፣ አይዟችሁ» አለቻቸው። ንቦቿን ታነጋግራቸዋለች፤ ከሰው ይልቅ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየጎተተች።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ እግሬ ሥር አንድ ነገር እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግቢው ንብ ፈሶበታል። ከቀፎው አፍ እየወደቁ በጀርባቸው ይሽከረከራሉ፣ ክንፋቸው ይርገበገባል፣ መነሣት ግን የለም። እናቴን ጠራኋት። ወጣችና ጆሮዋን ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው እያስጠጋች ሄደች። ከመጨረሻው ስትደርስ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ዶሮዎቹን አስገቢያቸው፣ ይለቅሟቸዋል» አለችኝ።

እናቴን ተከትለው ዱቄቱን ከወሰዱት ሦስት ቤቶችም ንብ አልቆ ነበር። አንዷ ጎረቤት በራችን ላይ ቆማ «ወንድምሽን ምን በደልነው በይልን» ብላ ሄደች። ባልቴቷ ግን ገብተው እናቴ አጠገብ ተቀመጡና «እኔ ሳልወስድ የቀረሁት ስንፍና ይዞኝ ነው፤ ብልህ ሆኜ እንዳይመስልሽ» አሏት። እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እኔ ጥጉ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስከረም ሊገባ ምን ያህል እንደቀረው። ማር ከሌለ ደባርቅ የለም። ደባርቅ ከሌለ ትምህርት የለም።

«አጎትሽ ያውቅበታል» አለችኝ እናቴ በሦስተኛው ቀን። «እሱ ቢናገርልን ሌላ ንብ ይሰጡናል።» ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተለምነን ወጣንና ደባርቅ ገባን።

አጎቴ ሥራ ላይ ነበር። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ውሃ ሰጥታን እጃችንን አስታጥባ፣ ስለ ንቦቹ ስንነግራት ደረቷን መታች። ከጓሮ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ድምፁን ተከትላ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ። ሁለት ቀፎ ባላ ላይ ተቀምጦ ንቡ ይገባል ይወጣል። ከባላው ሥር ዙሪያውን ግራጫ ነገር ፈሷል። እናቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆነጠረች፣ አሸችው፣ አሸተተችው።

«አመድ ነው» አለች።

«አዎ፣ የምድጃ አመድ ነው» አለች የአጎቴ ሚስት። «ያን ዱቄት ንብ ወዳለበት ድርሽ እንዳታደርጊው ብሎኛል። መጀመሪያ ለቢሮው ሲመጣ ተነግሯቸው ነበር አሉ። ለናንተ አልነገራችሁም እንዴ?»

እናቴ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች።

አጎቴ ለምሳ ሲመጣ በሩ ላይ አየኝ። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እናቴ ከጓሮ በኩል ስትመጣ አያትና ፊቱ ጠቆረ።

«ለሚስትህ ነግረሃታል» አለችው። «ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እታለም፣ ቁጭ በይና...»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

በትሩን በእጁ አሽከረከረ። «የእናንተ መንደር የሚወስደው ድርሻ ተመድቦለት ነበር። ሰዉ አልወስድ ሲል አለቃዬ እያየኝ ነው። ይሄ አይሆንም፣ ያን ይጎዳል ማለት ከጀመርኩ ማን ይነካዋል? አንቺ ከወሰድሽ ይከተሉሻል ብዬ ነው። ንብ ላይ ታደርጊዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«አመድ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል አልክ። አመድ የት የት እንደሚገባ አብረን አላደግንም?»

ያን ቀን የተናገረው ያለ ትብትብ ነበር፤ ሳስበው ከዚያ በኋላ እንዲያ ሲናገር አልሰማሁትም። በመጨረሻ እጇን ያዘና «ተዪልኝ፣ እኔ አለሁ። ከቢሮ ሊያጣሩ ሲመጡ እዚያው በሰው ፊት እናገርልሻለሁ፤ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው ከተባለ ንብ ይተኩልሻል። ልጅቷም በመስከረም ትመጣለች» አላት። ወደኔ ዞሮ ጉንጬን ነካ አደረገ። እናቴ አመነችው። እኔም አመንኩት፤ እሱን አለማመን የሚባለውን ነገር ገና አልተማርኩትም ነበር።

አጣሪዎቹ የመጡት በጳጉሜን ነው፤ ያው አለቃውና ሌላ አንድ ሰው፣ ከነሱም ጋር አጎቴ። ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ንብ ያለቀባቸው አራቱ ሴቶች ፊት ተቀመጡ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ወንድሟ የሚናገርላት ቀን ነውና። አጎቴ ተነሣ። ከኪሱ ወረቀት አላወጣም፤ በቃሉ ነው ያወረደው፣ ዓይኑን ከእኛ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ተክሎ።

«በአካባቢው የተካሄደው የተባይ መከላከል እንቅስቃሴ በአጠቃላይ ሲታይ አመርቂ ውጤት አስመዝግቧል። ሆኖም በአንዳንድ ግለሰቦች በኩል ከመመሪያ ውጭ በታየ የአጠቃቀም ግድፈት ሳቢያ በንብ ሀብት ላይ ውስን ጉዳት ደርሷል። ግለሰቦቹ ከግድፈታቸው ተምረው ለወደፊቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲወስዱ፣ የምትክ ጥያቄውም በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቶ እንዲጠና ሐሳብ አቀርባለሁ።»

አለቃው ማጨብጨብ ሲጀምር አዳራሹ ተከተለ። እናቴም አጨበጨበች። ወንድሟ ረጅም ንግግር ስለሷ በማድረጉ ፊቷ ወዝ ወጥቶበት ነበር፤ «ንብ» የምትለዋን ቃል ለይታ ሰምታለች፣ «ተቀባይነት» የምትለዋንም። ጎንበስ ብላ «አየሽው?» አለችኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ፤ ከበራችን ላይ ተቀብዬ ያስገባኋቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስንወርድ ጭቃው ያዳልጣል፤ እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች።

«ንቡ መቼ ይመጣል አለ?» አለችኝ።

«አይመጣም፣ እማ።»

«ተቀባይነት አገኘ አላለም?»

«በመርህ ደረጃ ነው ያለው። አይሆንም ማለት ነው።»

ጥቂት ሄደች። «የቀረውስ ምንድን ነው? ግለሰብ ግለሰብ ሲል የነበረው?»

መናገሩን ፈርቼ ዘገየሁ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት። «ጥፋቱ የዱቄቱ አይደለም፣ ያንቺ ነው አለ። አደራረጉን አላወቀችበትም አለ።»

ዝናቡ በነጠላዋ ላይ ይወርዳል። ጫማዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። «በሰው ፊት» አለች። ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች፣ እኔም ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት።

እድሜ ስጨምር ለአጎቴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። ያ ዘመን መንግሥት ያከፋፈለውን ነገር «ይጎዳል» ያለ ሰው ፀረ ሕዝብ ተብሎ የሚወሰድበት ነበር፤ ደባርቅ ውስጥ ከዚያ ባነሰ ቃል ከቤቱ ተወስዶ የቀረ ሰው አለ። ፈርቷል፣ ይህ ይገባኛል። የአዳራሹን ንግግር ይቅር ልለው ምንም አይቀረኝም። ያልዋጥኩት ያን የጓሮውን አመድ ነው። ማንም በማይሰማበት፣ በቤቱ፣ ሁለት ቃል ሹክ ማለት ይችል ነበር፤ ለሚስቱ ብሏታል። የዳባቱን ነጋዴ «የተወውን ፈልጊ» ብሎ ያስተማረኝ ሰው የተወው ነገር እኛ ነበርን።

እናቴ ቀፎዎቹን አውርዳ ፈልጣ አነደደቻቸው፤ ዱቄቱ የገባበት ቀፎ ሌላ ንብ እንዲገባበት አልፈለገችም። በኅዳር የሚሸጥ ማር አልነበረም። ማንበቤን አልተውኩም። ከመንገድ ዳር ያነሣሁትን ጋዜጣ፣ ደብተራው ጎረቤታችን የሚያውሰኝን መጻሕፍት፣ በኋላም ለመንደሩ ሴቶች ከየጽሕፈት ቤቱ የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ አነበብኩ። ሴቶቹ ወረቀት ይዘው ይመጡና «ምን ይላል?» ይሉኛል፤ አንብቤ ስጨርስ ደግሞ «እሱስ ይሁን፣ ምን ማለቱ ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ግን አልረገጥኩም።

አጎቴ በዚያው መስከረም የሚስቱን የእህት ልጅ ከኮሶዬ አስመጥቶ ደባርቅ ትምህርት ቤት አስገባት። ትምህርቷን እስክትጨርስ እሱ ቤት ኖረች።